ሞራው ስብ አይደለም፣ ስቡም አይገፈፍም

ጥያቄው፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ማንበብ ስላስቸገራት እህቴ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ‹ከዓይንዎ ጀርባ ስብ ተጠራቅሟል፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው› ብሎ መለሳት። የተሰጣት ወረቀት ላይ ‹በሁለቱም ዓይን ትልልቅ ድሩዘን፣ የቀለም ለውጥ የለም፣ መካከለኛ ደረጃ ደረቅ ማኩላር ዲጄኔሬሽን› ይላል። በዓይኗ ጥቁር ክፍል ዙሪያም ነጣ ያለ ቀለበት አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጿሚ ናት፤ ሥጋ የምትቀምሰው ለዓመት በዓል ነው። እንዴት ስብ ይጠራቀምባታል? እንደ ሞራ ተገፍፎ አይወጣም ወይ? ወንድሜ ‹ስቡን ያቀልጠዋል› ብሎ የራሱን የኮሌስትሮል ክኒን ሊልክላት ነው። እኔ ደግሞ የዓይን ቫይታሚን ገዝቻለሁ። የቱ ይሻላል? ወይስ እዚህ አምጥተን እናሳክማት?»

በቃሉ እንጀምር፤ ግማሹ መደናገር የመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። ሞራ ማለት ከታረደ ከብት ሆድ ዕቃ ላይ የሚገፈፈው፣ መረብ የመሰለው ስብ ነው። አባቶቻችን የአንድ አዛውንት ብሌን ነጥቶ ሲያዩ ያንን ስለመሰላቸው «የዓይን ሞራ» አሉት፤ ሲወጣም «ተገፈፈ» አሉ። ስሙ መልኩን በደንብ ይገልጻል፤ ምንነቱን ግን አይናገርም። በዓይን ሞራ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ የለም። ከብሌን ጀርባ ያለችው ሌንስ ፕሮቲኗ ተለውጦ ስትደፈርስ ነው ሞራ የምንለው፤ ጥርት ያለው የእንቁላል ፈሳሽ ሲቀቀል ነጭ እንደሚሆነው። ሌንሷ ለብቻዋ የተቀመጠች ስለሆነች ትወጣለች፤ በቦታዋ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ለእናትዎ «ስብ» የተባለው ግን ከዚያ በጣም ወደ ኋላ፣ በዓይን ግድግዳ ንብርብሮች መካከል ያለ ነገር ነው። እዚያ የሚገፈፍ ነገር የለም።

ነጣ ያለው ቀለበትም ሌላ ነው። እሱ በእርግጥ ስብ ነው፤ ግን ያለው ፊት ለፊት፣ ጥርት ባለው የዓይን መስታወት ማለትም በኮርኒያ ጠርዝ ላይ ነው። በ71 ዓመት ሰው ላይ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እይታን አይነካም፣ ሕክምናም አይፈልግም። ከ40 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ካየሁት ግን የደም ኮሌስትሮል ምርመራ አዝዛለሁ፤ በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለ ቀለበቱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ስፍራ። ሬቲና ዓይንን ከውስጥ የሚያለብስ ስስ ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ ነው። መሐሉ ላይ 5 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ማኩላ የሚባል ክፍል አለ፤ ፊደል የምናነብበት፣ መርፌ የምናሰካበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት እሱ ነው። ወረቀቱ «ማኩላር ዲጄኔሬሽን» ያለው የዚህን ክፍል ቀስ በቀስ መጎዳት ነው። ከብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ሥር አንድ ረድፍ ባለቀለም ሕዋሳት ተደርድረዋል። ከእነሱ ሥር የብሩክ ሽፋን የሚባል እጅግ ስስ ወንፊት አለ (ስሙ የጀርመናዊው የአካል አጥኚ የካርል ብሩክ ነው፣ የእኛ ሰፈር ብሩክ አይደለም)። ከወንፊቱ ሥር ደግሞ በደም ሥር የታጨቀ ንጣፍ አለ። ምግብና ኦክስጅን ከታች ወደ ላይ፣ ቆሻሻ ከላይ ወደ ታች የሚያልፈው በዚያ ወንፊት በኩል ነው።

ለእናትዎ «ስብ» የተባለው፣ ወረቀቱ ላይ ድሩዘን ተብሎ የተጻፈው ክምችት፣ የሚቀመጠው በባለቀለም ሕዋሳቱና በወንፊቱ መካከል ነው። በመመርመሪያ መነጽር ሲታይ ብርቱካናማ ቀይ በሆነው ሬቲና ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ሆኖ ነው የሚታየው፤ ቀይ ወጥ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ረግቶ እንደሚቀረው ቅቤ። ወረቀቱ «ትልልቅ» ያለው ስፋታቸው 125 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ኦሲቲ በሚባለው ስካን ከጎን ሲታይ ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት የባለቀለም ሕዋሳት መስመር ከምንጣፍ ሥር ጠጠር እንደገባ ጉብ ጉብ ይላል።

«ጿሚ ሴት እንዴት?» የሚለው ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የበሽታውን ባሕርይ ይገልጣል። ዓይን በራሱ የስብ ማዕድ ቤት ነው። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ጫፋቸው በስብ ሽፋን የተሠራ የሳህን ቁልል ይመስላል። በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት በየቀኑ ከቁልሉ አንድ አሥረኛ ያህሉን ከጫፍ ይጥላሉ፣ ከሥር አዲስ ያበቅላሉ፤ በ10 ቀን ገደማ ሙሉው ይታደሳል። የሚጣለውን እየዋጠ የሚያጣራው ከሥር ያለው ባለቀለም ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ እንደ ቆዳ ሕዋስ ሞቶ የሚተካ አይደለም፤ በሕፃንነት የተሰጠን ያው ነው። 71 ዓመት ሙሉ፣ በዓልም ጾምም ሳይል፣ በየቀኑ ሲበላ የኖረ ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

ይህ ሠራተኛ የሚቀበለው ከላይ ብቻ አይደለም። ከታች ከደምም ኮሌስትሮልና እንደ ሉቲን ያሉ በስብ የሚሟሙ ንጥረ ነገሮችን ይወስዳል። ከሁለቱም በር የገባውን የራሱን እንክብል እየሠራ፣ ጉበት እንደሚያደርገው በፕሮቲን ጠቅልሎ፣ ወደ ወንፊቱ ይለቃል። በወጣትነት እንክብሉ ወንፊቱን አልፎ በደም ይወሰዳል። ዕድሜ ሲገፋ ወንፊቱ ይወፍራል፣ ይጠጥራል፣ እንክብሎቹም እዚያው ይቀራሉ። ቅቤ አንጥራ በጨርቅ ያጠለለች ሴት ይህን ለማስረዳት እኔን አትፈልግም፤ ጨርቁ ሳይታጠብ ደጋግሞ ሲጠለልበት መጨረሻ ላይ ምንም አያሳልፍም። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም የክሪስቲን ኩርሲዮ የምርምር ቡድን ከለጋሾች ዓይን ላይ ይህን ክምችት ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ቆይቷል፤ ነገሩን ሲገልጹትም በውኃ ላይ ከፈሰሰ ዘይት ጋር ያመሳስሉታል።

ስለዚህ እናትዎ በጾማቸው የተታለሉ አይምሰላቸው፤ ቅቤ የበሉ ጎረቤቶቻቸውም በቅቤ አልተቀጡም። የደም ኮሌስትሮል መጠንና ይህ በሽታ ያላቸው ዝምድናም ሰው እንደሚገምተው ቀጥተኛ አይደለም። እንዲያውም በትልልቅ ጥናቶች «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ላይ ማኩላር ዲጄኔሬሽን በመጠኑ በዝቶ ታይቷል። የልብ ሐኪም የሚደሰትበት ቁጥር ለማኩላ ዋስትና አይሆንም። የአልዛይመርን አደጋ የሚጨምረው የአፖኢ ዘረመል ዓይነትም እዚህ ሲመጣ የመከላከል ዝንባሌ አለው። ተፈጥሮ አንዳንዴ እንዲህ ናት።

ደግሞም ነገሩ ስብ ብቻ አይደለም። የተጠራቀመው ነገር በኦክስጅን ሲበላሽ ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጥረውና ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ሠራዊቱን ያዘምታል። በ2005 የዚህን ሠራዊት ልጓም የሚይዘው ሲኤፍኤች የሚባለው ዘረመል ከበሽታው ጋር በጥብቅ መያያዙ ሲታወቅ ብዙ ነገር ተብራራ። በዚያ ላይ ሲጋራ ሲጨመር አደጋው ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። በሰው እጅ ካሉት መንስኤዎች ትልቁ ሲጋራ ነው፤ ከቅቤም ከሥጋም በላይ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ብዙዎች መካከለኛው ደረጃ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ፤ አንዳንዶች አያልፉትም። ከሚያልፉት የአንዳንዶቹ ባለቀለም ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ማኩላው ላይ ባዶ ስፍራ ይተዋሉ፤ የደረቁ ዓይነት መጨረሻ ይህ ነው። የሌሎቹ ደግሞ ከታች ካለው የደም ሥር ንጣፍ ደካማ አዲስ ሥሮች ወንፊቱን ሰብረው ይገቡና ያንጠባጥባሉ፣ ይደማሉ፤ ይህ እርጥቡ ነው። እርጥቡ በሳምንታት ውስጥ እይታን ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን በደንብ የሚታከመውም እሱ ነው። በሁለቱም ቢሆን የሚጎዳው የመሐል እይታ ነው። ሰው ከዚህ በሽታ ወደ ድፍን ጨለማ አይገባም፤ በጎን ያያል፣ ቤቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ይህን ለእናትዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ብዙ አዛውንት ሐኪም ሳይነግራቸው ቀርቶ በከንቱ ይጨነቃሉ።

የእናትዎን አደጋ በቁጥር ላስቀምጥ። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ጥናት ላይ የተመሠረተ ቀላል ስሌት አለ፦ ትልቅ ድሩዘን ላለበት ለእያንዳንዱ ዓይን 1 ነጥብ፣ የቀለም ለውጥ (የባለቀለም ሕዋሳቱ ቀለም መዛባት) ላለበት ለእያንዳንዱ ዓይን 1 ነጥብ። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ እናትዎ 2 ነጥብ አላቸው። በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ በአንድ ዓይን ወደ መጨረሻው ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው ከመቶ 12 ያህል ነው። 3 ነጥብ ቢሆን 25፣ 4 ቢሆን 50 ይሆን ነበር። ከመቶ 88 ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ እዚያ አይደርሱም ማለት ነው፤ ከዚህ ቁጥር ተነሥተን ነው የትኛው ሕክምና ያዋጣል የምንለው።

«ስቡን ማስወገድ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ተሞክሯል። ድሩዘንን በቀላል የሌዘር ጨረር መንካት እንደሚያሟሟው ከድሮ ይታወቃል። ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ ሁሉም በሁለቱም ዓይን ብዙ ትልልቅ ድሩዘን ያላቸው፣ አንድ ዓይናቸው በሌዘር ታክሞ ሌላው ሳይነካ ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2006 ውጤቱን አወጣ። በታከመው ዓይን ድሩዘኑ ቀነሰ። እይታቸውን ያጡት ግን በሁለቱም በኩል እኩል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በጣም አጭር በሆነ የሌዘር ምት የተደረገ ሌላ ሙከራም በጥቅሉ ጥቅም አላሳየም፤ አንድ የተለየ የድሩዘን ዓይነት ባላቸው ላይ እንዲያውም አባባሰ።

ድሩዘን መጥፋቱ በራሱ የምሥራች አይደለም። አንዳንዴ ጉብታው የሚሟሽሸው ስቡን ሲሠራ የነበረው ሕዋስ ስለሞተ ነው። ፎቶው ላይ ቢጫው ጠፍቶ ዓይኑ «የጸዳ» ይመስላል፤ ከዓመት በኋላ ስፍራው ባዶ ሆኖ ይገኛል። አንድ ታካሚዬ ሁለት ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው «ይኸው ዳንኩ» አሉኝ፤ ነጠብጣቡ በእርግጥ የለም። ኦሲቲው ላይ ግን ከነጠብጣቡ ጋር የባለቀለም ሕዋሳቱ መስመርም ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ ማንም «ድሩዘን አጠፋለሁ» ብሎ ሌዘር፣ ጠብታ ወይም ቅጠል ቢያቀርብልዎ ጥያቄዎ «ከዚያስ እይታው?» ይሁን።

ወደ ወንድምዎ ክኒን። የዋህ ሐሳብ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም አስበውታል። በ2016 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ትልልቅና ለስላሳ ድሩዘን ያላቸው 26 ሰዎች እስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች አንዱን፣ አቶርቫስታቲንን፣ በየቀኑ 80 ሚሊግራም እንዲወስዱ አደረገ፤ ከዓመት በላይ ከተከታተሏቸው መካከል 10ሩ ላይ ድሩዘኑ እየሟሸሸ ሄደ፣ እይታቸውም አልወረደም። ዜናው በዓለም ዞረ። ነገር ግን ክኒኑን ያልወሰደ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ሰዎቹም ጥቂት ነበሩ፤ መጠኑም የክኒኑ ጣሪያ ነው። ሌሎች ጥናቶች የሰጡት መልስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ለዚህ በሽታ ተብሎ የጸደቀ እስታቲን የለም። ወንድምዎ የሚወስዱት ምናልባት 10 ወይም 20 ሚሊግራም ነው። በዚያ መጠን ለዓይን የታየ ነገር የለም፤ በ80 ደግሞ በ71 ዓመት ሴት ላይ የጡንቻ ሕመምና የጉበት ጉዳይ በደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል። ፍርዴ ይህ ነው፦ እናትዎ ለልባቸው ወይም ለደም ሥራቸው እስታቲን የሚያስፈልጋቸው ከሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያዝዝላቸው፣ ይውሰዱ፤ ለዓይን ብቻ ግን አይጀምሩ። የሌላ ሰው ክኒን ደግሞ በፖስታ አይላክ።

ቫይታሚኑ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ትክክለኛው ከሆነ። በ2001 የወጣው የብሔራዊ የዓይን ተቋሙ ጥናት መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ወይም አንድ ዓይናቸው መጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰዎች የተወሰነ የቫይታሚንና የዚንክ ውሕድ ሲወስዱ ወደ መጨረሻው ደረጃ የመድረስ አደጋቸው በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2013 ሁለተኛው ጥናት ቤታ ካሮቲንን አስወጥቶ ሉቲንና ዚአዛንቲን አስገባ፤ ቤታ ካሮቲን የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ በነበሩ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰርን ስለሚጨምር ነው። የዓሣ ዘይት እንክብል በዚያው ጥናት ተፈትኖ ምንም አልጨመረም። ስለዚህ በተናጠል «ኦሜጋ» ብለው የሚገዙት ገንዘብዎን ብቻ ነው የሚያቀልጠው።

ጠርሙሱን ያንሡና የቀኑን መጠን ያንብቡ፦ ቫይታሚን ሲ 500 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ዚንክ 80 (25 ያለውም ተቀባይነት አለው)፣ መዳብ 2፣ ሉቲን 10፣ ዚአዛንቲን 2 ሚሊግራም። «ለዓይን» የሚል ሥዕል ያለው ሁሉ ይህ አይደለም። ለሁለት ዓመት ሳያቋርጡ ሲወስዱ የኖሩ አንዲት እናት ጠርሙሱን ሳየው የሉቲኑ መጠን ከሚፈለገው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም፤ ዚንክ ጭራሽ አልነበረውም። ውሕዱ የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ ድሩዘኑንም አያሟሟም። የእናትዎን ከመቶ 12 በግምት ወደ 9 ማውረድ ነው ሥራው። ትንሽ ይመስላል፤ በዚህ ደረጃ ግን በትክክለኛ ጥናት የተረጋገጠው ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፣ ሁለቱም ከእናትዎ ጾም ጋር የተያያዙ ናቸው። ብዙዎቹ ለስላሳ እንክብሎች ልባሳቸው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። እናትዎ ይህን ሲሰሙ ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው «እወስዳለሁ» ይሉዎታል። ሳይልኩ በፊት ልባሱ ከዕፀዋት የተሠራ መሆኑን ወይም ደረቅ ክኒን መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛው፣ ዚንክ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰደው። እስከ 9 ሰዓት በሚጾሙበት ቀን የመጀመሪያውን ከማዕድ ጋር በ9 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከራት ጋር ይውሰዱ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካላቸው ደግሞ በቫይታሚን ኢው ምክንያት አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ምግቡስ? ጎመንና ቆስጣ ሉቲን የሞላባቸው ናቸው፤ ሉቲን በስብ ስለሚሟሟ በዘይት ሲሠሩ ይበልጥ ይዋጣል። የጾም ገበታ በዚህ በኩል ተባባሪ ነው። በፍስኩ ቀን እንቁላል ቢጨምሩ የአስኳሉ ቢጫነት ከዚያው ወገን ነው። ቅቤ ለዓይን ሲባል አይከለከልም፤ ለልባቸው ከተከለከለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ከቫይታሚኑም በላይ ወደምቆጥረው ነገር ልምጣ፦ ራሳቸውን በቤት ውስጥ መፈተሽ። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ይወሰድና መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ይደረግ። የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይዘው፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው ነጥቡን ይመልከቱ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው? የተጣመመ፣ የጎበጠ፣ የደበዘዘ ወይም የጠፋ ካሬ አለ? ከዚያ ሌላውን ዓይን። ሁለቱን ዓይን ገልጦ ማየት ዋጋ የለውም፤ ደኅናው የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ብዙ ሰው በዚሁ ተሸውዶ ወራት ያልፉታል። ደብተር ከሌለ የመስኮት ፍርግርግ ወይም የበር መቃን ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ለምሳሌ ረቡዕና ዓርብ ቢያደርጉት አይረሳም። መስመር ከተጣመመ «እስኪ ከበዓሉ በኋላ» አይባልም። በሳምንት ውስጥ ሬቲና ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው።

ምክንያቱም እርጥቡ ቶሎ ከተያዘ መድኃኒት አለው። አዲሶቹን ሥሮች የሚያበቅለውን ኬሚካል የሚያግድ መርፌ በዓይን ውስጥ ይሰጣል። በ2006 ራኒቢዙማብ ሲጸድቅ ያሳመነን ጥናት በየወሩ ከተወጉት ከመቶ 90 በላይ እይታቸውን እንደያዙ፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በግልጽ እንደተሻሻሉ አሳይቷል። በ2011 ደግሞ በጣም ርካሹ ቤቫሲዙማብ፣ ሰው አቫስቲን የሚለው፣ ከእሱ እንደማያንስ ተረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገባው። አዲስ አበባ ውስጥም የሚሰጠው በዋናነት እሱ ነው። «ዓይን ውስጥ መርፌ» ሲባል ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ሥራው ግን ማደንዘዣ ጠብታ፣ ዓይኑን በአዮዲን ማጽዳት፣ ከዚያ በነጩ በኩል በቀጭን መርፌ የሴኮንዶች ጉዳይ ነው። አደጋው ኢንፌክሽን ነው፤ ከ2,000 እስከ 3,000 መርፌ አንዴ ገደማ ያጋጥማል። ከመርፌ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይን እየታመመ፣ እየቀላና እይታው እየወረደ ከሄደ የዚያኑ ዕለት መመለስ ነው።

«ወደዚህ እናምጣት?» ላሉት፦ ለዚህ ደረጃ አያስፈልግም። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የጸደቁት ሁለት መርፌዎች፣ ፔግሴታኮፕላንና አቫሲንካፕታድ፣ ለደረቁ ዓይነት መጨረሻ ደረጃ ናቸው፤ እናትዎ እዚያ አልደረሱም። ላሉበትም ሰዎች የባዶውን ስፍራ መስፋት ያዘገያሉ እንጂ እይታ አይመልሱም፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይወጋሉ፣ ወደ እርጥቡ የመለወጥ ዕድልንም ይጨምራሉ። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ የመጀመሪያውን አልቀበልም ብሏል። በ2024 መጨረሻ ፈቃድ ያገኘ የብርሃን ሕክምናም አለ፤ መረጃው ገና ቀጭን ስለሆነ ለእሱ ብዬ አንዲት እናት አውሮፕላን ላይ አላሳፍርም። የቲኬቱን ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ኦሲቲ ያውሉት።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄዎ ውስጥ አልዋጥልህ ብሎኛል። ማንበብ አስቸግሯቸው ነው የሄዱት ብለዋል። የቀለም ለውጥ የሌለበት መካከለኛ ድሩዘን ብዙ ጊዜ ማንበብን ያን ያህል አይከለክልም፤ በደብዛዛ ብርሃን መቸገር፣ ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ ዓይን ቶሎ አለመላመድ እንጂ። ከዚህም ሌላ የዚህ በሽታ የመጨረሻ ደረጃ በጥቁር ሕዝብ ላይ ከነጮች ያነሰ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሐኪሙ በእጁ መነጽር ብቻ አይቶ ከሆነ የጻፈው፣ በኦሲቲ መረጋገጥ አለበት፤ የስኳርና የግላኮማ ምርመራም አብሮ ይሠራ። ምናልባትም የንባቡ ችግር ያረጀ መነጽር ወይም ራሱ ሞራው ሊሆን ይችላል፤ በ71 ዓመት ሁለቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ድሩዘን መኖሩ የሞራ ቀዶ ጥገናን አይከለክልም፤ ሐኪሙ ማኩላውን አስቀድሞ ማየቱና ምን ያህል መሻሻል እንደሚጠበቅ በቅድሚያ መነገሩ ነው ቁም ነገሩ።

እህትዎ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛ የምትሄደው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ማንበብ የከለከላት ሌንሷ ነው ወይስ ማኩላዋ?» የኦሲቲውን ሥዕልም ኮፒ ትቀበል። የሚቀጥለው ሐኪም ከምንም በላይ የሚፈልገው የዛሬውን ሥዕል ነው።